የእናቴ ዘጠኝ አሃዝ

መምህር ፈንታሁን ማረፋቸውን የነገረችኝ ባለቤታቸው ትርንጎ ናት። ስልኩ ሲጮህ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ልጄ ቤት ነበርኩ፤ ያ ሰማይ ሊነካ ትንሽ የቀረው አዲስ ፎቅ ላይ፣ የልጅ ልጄን ሾርባ እየለመንኩ ሳበላ። «ጌጤ፣ መምህር ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችኝ። ድምፅዋ እንግዳ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ድምፅ ነበር። የጮህኩት እኔ ነኝ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፣ ልጄ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጣች።

ለቅሶ ቤት ሰው እየተነሳ ስለ እሳቸው ተናገረ። ትዕግሥተኛ ነበሩ ተባለ፤ እውነት ነው። ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ አበቁ ተባለ፤ ይሄም እውነት ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አሁን መሐንዲስ የሆነው፣ ተነስቶ «መምህር በዕድሜያቸው አንድም ነገር ፈርተው አያውቁም» ሲል ግን አልዋጥ አለኝ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ «ኧረ ቁጭ በል!» እለው ነበር። መምህር ፈንታሁን ይፈሩ ነበር። እንዴት እንደሚፈሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የማልረሳቸውም በትዕግሥታቸው አይደለም፤ ፈርተው ሳለ ያደረጉትን ስላየሁ ነው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አገር ቤት፣ ጎንደር አካባቢ፣ ዘመናቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረዋል። እኛ ቤተ እስራኤሎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጭነን ስንመጣ ከአንድ ሰልፍ ነበርን፤ ኋላም ቂርያት ጋት ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ ደረሰን፣ እነሱ በአንዱ መግቢያ እኛ በሌላው። ዕብራይስጣቸው ገና ስለነበር ትምህርት ቤት ክፍል አልሰጣቸውም። ከሰዓት በኋላ ግን የሕንፃውን ልጆች ምድር ቤት ባለው ሚክላት፣ በቦምብ መጠለያው ማለቴ ነው፣ ሰብስበው ሒሳብ ያስጠኑ ነበር። ረጅም ናቸው፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። ትርንጎ በዕድሜ ከእሳቸው ብዙ ታንሳለች፤ የእኔ እኩያ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሱሪ ኪስ እንሰፋ ነበር። እሷ ስትሰፋም፣ ስታወራም፣ ስትስቅም አንድ ላይ ነው። ከጨርቁ የሚቦነው ብናኝ እያሳላት እንኳ ወሬዋን አታቋርጥም። እዚያ ፋብሪካ ደግሞ የማያስለው ማን ነበር።

የመምህር ዓመል ቁጥር ነው። አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም ሌላው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ እሳቸው የሰሌዳውን ቁጥር ያያሉ። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካኩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆይተው «በሰባት ይካፈላል!» ይላሉ ደስ ብሏቸው። አውቶቡሱ ይሄዳል። እሳቸው እዚያው ይቀራሉ። አንድ ቀን ደግሞ ተሳፍረው ሲያካፍሉ መውረጃቸው አልፏቸው አሽቀሎን ከተማ ደርሰው ተመለሱ፤ ትርንጎ ለሳምንት ያህል ለሁላችንም ስታወራው ሳቅን።

ትልቁ ሥራቸው ግን የትርንጎ የመታወቂያ ቁጥር ነበር። ዘጠኝ አሃዝ ያለው ትልቅ ቁጥር ነው። በአንድና በራሱ ካልሆነ በሌላ በምንም የማይካፈል፣ ብቸኛ ቁጥር የሚሉት ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ልባቸው ተነሳ። በዳቦ መጠቅለያ ላይ፣ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ያካፍላሉ። «በሦስት እምቢ አለ፣ በሰባት እምቢ አለ፣ በአሥራ ሦስትም እምቢ።» እስከ ስንት ነው የሚሞክሩት ብዬ ስጠይቃቸው «አሥራ ሰባት ሺህን እስካልፍ» አሉኝ። አብደዋል ብዬ ነበር።

«አላበድኩም» አሉ። «ከዚያ በላይ የሆነ አካፋይ ቢኖረው፣ ጓደኛው የግድ ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። ትንሹን ካጣሁ ትልቁም የለም ማለት ነው። ስለዚህ ማለቂያ አለው፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«የሰው ባል ለሚስቱ ሽቶ ይገዛል» ትላለች ትርንጎ ከወጥ ቤት። «የኔው ሊያካፍለኝ ነው የሚደክመው!»

«እስካሁን ለማንም አልተበገረችም» ይላሉ እሳቸው፤ እንዲህ ሲሉ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፊት ያበራል።

ችግሩ ሕዝቡ ነው። አገር ቤት የሰው ስም ፊደል እየደመረ፣ እያካፈለ፣ ከቀረው ቁጥር ኮከብ የሚናገር ኮከብ ቆጣሪ ሁላችንም እናውቃለን። መምህር ቁጥር ሲያካፍሉ የታዩ ጊዜ ሽማግሌውም አሮጊቷም መታወቂያቸውን ይዘው በራቸው ላይ ተሰለፉ። አንዷ የልጇን ትዳር፣ አንዱ አገር ቤት የቀረ ወንድሙን ይምጣ አይምጣ እንዲነግሩት ይለምናል። እሳቸው ደግሞ በዚህ ብቻ ነበር የሚቆጡት። «ቁጥር ዕድል አያውቅም!» ብለው ይጮኹባቸዋል። «ቁጥር የሚያውቀው በስንት እንደሚካፈል ብቻ ነው። ሂዱ!» ሰዎቹም ክፉ ነገር አይተውብን ነው የደበቁን ብለው እየተንቀጠቀጡ ይሄዳሉ። መቆጣታቸው ፍርሃቱን አባሰው።

እናቴ ዝናሽ በተለይ አጥብቃ ትፈራቸው ነበር። ኮሪደር ላይ ሲመጡ ካየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። «ሰው አይቆጠርም» ትላለች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ልንሳፈር ስንል ግንባራችን ላይ የለጠፉልንን ቁጥር ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ልጣ የጣለች ሴት ናት። መታወቂያዋን በጨርቅ ሰፍታ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ሐኪም ወይም ባንክ ቤት ካልጠየቃት ለእኔም ለልጇ አታሳይም። «ያ ሰውዬ አንድ ቀን ካየው ቀኔን ያውቀዋል» ትለኛለች። እማ ምን ነካሽ፣ እሱ እኮ ሒሳብ አስተማሪ ነው ብላት ማን ሊሰማኝ።

በሁለተኛው ዓመታችን፣ መኸር ላይ፣ አዲስ የመጣን ሰዎች በሙሉ የደረት ፎቶ፣ ራጅ ማለቴ ነው፣ እንድንነሳ ተባለ። ክሊኒክ ሄደን አንድ ቀን ተነሳን፤ እናቴ፣ እኔ፣ ትርንጎ፣ የሕንፃው ሴቶች ሁሉ። ሴቶች ማለት ደግሞ ሣራዎች ማለት ነው። ስንገባ የዕብራይስጥ ስም ሲያወጡልን ለግማሾቻችን ሣራ ነው የደረሰን፤ እናቴም ሣራ፣ ትርንጎም ሣራ። ነርሷ «ሣራ!» ብላ ስትጣራ አምስት ሴት ብድግ ሲል ሳቃችን አይጣል ነበር። ፎቶው ላይ ከስሙ ይልቅ የመታወቂያው ቁጥር ነበር የሚታመነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከክሊኒኩ ደውለው ጠሩኝ። የእናቴ ሳንባ ላይ ጥላ ታይቷል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ ረፋድ ላይ መኪና መጥቶ ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ይወስዳታል፤ እዚያ ለወራት ትተኛለች።

ለእናቴ ስነግራት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ብርድ ልብሷን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህን አነሳችና በረንዳ ላይ ወጥታ በሩን ዘጋች። አገራችን ሴት ወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የምትቀመጥበት፣ ዙሪያው በድንጋይ የታጠረ የመርገም ጎጆ ነበረ፤ ማንም አይነካትም፣ ምግቧን ከድንጋዩ ማዶ አስቀምጠው ይመለሳሉ። እናቴ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያንኑ ጎጆ ሠራች። የአበባ ማሰሮዎቹን ደርድራ አጠረችው። «ሳህኑን መሬት አስቀምጪና ሂጂ» አለችኝ በመስታወቱ። የአራት ዓመቷ ልጄ፣ አያቷ ጉያ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ፣ መስታወቱን በሁለት እጇ እየደበደበች «አያቴ ክፈቺልኝ!» ብላ እስክትዝል አለቀሰች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲርገበገብ አየሁት።

እኔ ደግሞ የልጄን ግንባር በየጊዜው እየዳሰስኩ ነበር። እሷም ይዟት ይሆን? ትኩሳት አለባት ወይስ የእኔ እጅ ነው የቀዘቀዘው? አገር ቤት በዚህ በሽታ ቤታቸው የተዘጋ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። ከሆስፒታል የተመለሰ አንድም ሰው አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም። «ከዚያ አልመለስም፣ ጌጤ፤ እኔ ታውቆኛል» አለችኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩን በጠባቡ ከፈተችና ከአንገቷ ያወጣችውን ጨርቅ መሬት ላይ ገፋችልኝ። መታወቂያዋ ነው።

«ለመምህር ውሰጂለት» አለች።

«ምን?»

«ይቁጠርልኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲለምነው እምቢ ይላል፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ግን አይከለክልም። ከዚያ እመለስ እንደሆነ፣ አልመለስም እንደሆነ ይንገረኝ። ሳላውቅ አልሳፈርም።»

እንግዲህ እፍረቴን አስቡት። የሚያስቆጣቸውን ነገር ልጠይቅ፣ መታወቂያውንና ሐሙስ ዕለት ከክሊኒኩ የሰጡኝን የሪፈር ወረቀት ይዤ ወረድኩ። ሚክላቱ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ለሰንበት ወንበሮቹን እየሰበሰቡ። ግድግዳው ሥር የጋዝ ጭምብል ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ያ ክፍል ሁልጊዜም ነገር ሊመጣ ነው የሚል ይመስለኝ ነበር። የእናቴን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

አልተቆጡም። መታወቂያውን ተቀብለው አዩት። አውራ ጣታቸው አንጓዎቹ ላይ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ወረቀቱን አዩ፣ መታወቂያውን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«እናትሽ ያስላታል?»

«ኧረ እሷ ስላ አታውቅም።»

«ሌሊት ያልባታል? ከስታለች?»

«የሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ሦስተኛ ፎቅ ተሸክማ የወጣችው ባለፈው ሳምንት ነው። እኔ ነኝ የከሳሁት!»

ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። «ይሄ ደህና ቁጥር ነው» አሉኝ። «ያስፈራኝም ደህና መሆኑ ነው። ነይ፣ እይ።»

ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የመታወቂያ ቁጥር ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ የፊተኞቹ ስምንቱ የሰውየው ናቸው፣ ዘጠነኛዋ ግን ዘበኛ ናት አሉኝ፤ ሰው ሲጽፍ ቢሳሳት እንድትጮህ የተቀመጠች። «የመጀመሪያውን አሃዝ እንዳለ ትወስጃለሽ፣ ቀጣዩን በሁለት ታባዣለሽ፣ ደግሞ እንዳለ፣ ደግሞ በሁለት፤ እንዲህ እያፈራረቅሽ። ብዜቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን ትደምሪያቸዋለሽ። ሁሉንም ስትደምሪ መጨረሻው ዜሮ መምጣት አለበት። ካልመጣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አይቀበልም። አንድ አሃዝ ብቻ ብትሳሳቺ ሁልጊዜ ትይዝሻለች። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ብታቀያይሪም ትይዝሻለች። ሁለትና አምስት ውሰጂ። ሁለት እንዳለ ሁለት፤ አምስት በሁለት አሥር፣ አንድና ዜሮ አንድ፤ ድምሩ ሦስት። አቀያይሪያቸው። አምስት እንዳለ አምስት፤ ሁለት በሁለት አራት፤ ዘጠኝ። ሦስት የነበረው ዘጠኝ ሆነ፤ ዘበኛዋ ጮኸች።»

«እሺ» አልኩ። ልቤ ሒሳቡ ላይ አልነበረም፤ በረንዳው ላይ ነው።

«አሁን ዘጠኝና ዜሮ። ዘጠኝ እንዳለ ዘጠኝ፤ ዜሮ በሁለት ያው ዜሮ። ድምሩ ዘጠኝ። አቀያይሪያቸው፣ አንቺው ሥሪው።»

ጠመኔውን ተቀበልኩ። ዜሮ እንዳለ ዜሮ። ዘጠኝ በሁለት አሥራ ስምንት፤ አንድና ስምንት... ዘጠኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ያው ዘጠኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እዚህ ላይ ብቻ ዘበኛዋ ዓይን የላትም። ዘጠኝና ዜሮ ጎን ለጎን ካሉ ቢቀያየሩም አታውቅም። የእናትሽን ቁጥር መጨረሻ አካባቢ ተመልከቺ። ዘጠና ነው። የቀረው አሃዝ ሁሉ አንድ ሆኖ በዚህ ቦታ ዜሮ ዘጠኝ ያላት ሌላ ሴት ካለች፣ ፎቶ አንሺው ሲጽፍ እጁ ቢስት፣ የሷ ፎቶ የእናትሽ ሆኖ ይቀመጣል። ቁጥሩም ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩም ዝም ይላል።»

ከወንበሮቹ አንዱን ስቤ ተቀመጥኩ። «እንዲህ ነው የሆነው ማለት ነው?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩሽ። ማወቂያው አንድ ነው። እሑድ መኪናው ሳይመጣ ክሊኒኩ ሲከፈት ድረሺ። በእናትሽ ቁጥር ሥር ስንት ፎቶ እንዳለ ይዩ። አንድ ካለ የእናትሽ ነው። ሁለት ካለ፣ አንዱ የሌላ ሰው ነው።»

«የማን? ይቺ ሌላ ሴት ማን ናት?»

ሰሌዳውን መጥረግ ጀምረው ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የመለሱልኝ። «የመታወቂያውን ቁጥር የሰጡን ስንመጣ በቆምንበት ሰልፍ ተራ ነው። በዘጠናና በዘጠኝ መካከል ሰማንያ አንድ አለ። ከእናትሽ ሰማንያ አንድ ሰው ቀድማ የቆመች ናት። የእኛው ሰው ናት።» ሰሌዳው ጠርቶ ካለቀ በኋላም ባዶውን ያሹት ነበር። «ሂጂ በይ። ሰንበት ሊገባ ነው።»

ለእናቴ ኮከብሽ አልተቆጠረም፣ ግን እሑድ ክሊኒክ እንሄዳለን አልኳት። ተስፋ ልሰጣት ፈራሁ። የሰጠኋት ተስፋ ቢጠፋ እኔው ራሴ የነጠቅኳት መሰለኝ።

ያ ሰንበት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። እሳት አይነካ፣ ስልክ አይደወል፣ ክሊኒክ ዝግ፤ መፍራት ብቻ ነው የተፈቀደው። ጠዋት ጸሎት ቤት ሄድኩ። የእኛን ሴቶች አንድ በአንድ እያየሁ፣ ቁጥሩ የተሰጠን ቀን ሰልፉ ላይ ከፊታችን ማን ነበረ እያልኩ ልቤን አደረቅሁት። ወፍራሟን አየሁ፣ እርጉዟን አየሁ። ከእነዚህ አንዷ እንድትሆን ነው እንግዲህ የምለምነው? ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

መምህርን ያየኋቸው ከጸሎት በኋላ ግቢው ውስጥ ነው። ትርንጎ እንደ ልማዷ የጎረቤት ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታጫውታለች። እሳቸው መጥተው ሕፃኑን ከጭኗ አንስተው ለእናቱ ሰጡ። «ልጁን ተይው፣ ይጫወት» አሉ፤ ድምፃቸው ሻካራ ነበር። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ደረቡላት፤ ፀሐይ ነው እኮ! «ምን ሆኑ ዛሬ?» አለች እየሳቀች። እኔም ዕድሜ ሰውን ያነጫንጫል ብዬ አለፍኩ። የራሴ ፍርሃት ሌላ ነገር አላሳይ ብሎኝ ነበር።

እሑድ ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርን። እናቴ አፏን በነጠላ ሸፍና፣ ከሰው ሁሉ ርቃ፣ ጥግ ላይ ቆመች። ሐኪሟ መልካም ሴት ናት፤ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ስለ ዘጠኝና ዜሮ ሳወራ አልሳቀችብኝም። መጀመሪያ «ቁጥሩ እኮ ትክክል ነው፣ ኮምፒውተሩ ተቀብሎታል» አለችኝ። «እሱን አውቃለሁ» አልኳት። «ፎቶዎቹን ቁጠሪልኝ፣ በሞቴ።» ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በእጇ ሁለት ትላልቅ ፖስታዎች ይዛ ነበር፤ ሁለቱም ላይ ሣራ፣ ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር። አንዱን ፎቶ ብርሃኑ ላይ ሰቀለችው፤ እንደ ደመና ያለ ነገር አለበት። ሁለተኛውን ሰቀለች፤ ንጹሕ።

ሐኪሟ አንድ ቃል ሳትናገር እናቴን በእጇ ይዛ ራሷ ፎቶ ክፍል አስገባቻት። የጠበቅኩት ጥቂት ጊዜ ነው ይሉኛል፤ ለእኔ ግን ዓመት ነው። ወጥታ አዲሱን ሰቀለችው። ንጹሕ! የአጥንቶቿ አሰላለፍ እንኳ ከንጹሑ ፎቶ ጋር አንድ ነው። ሐኪሟ የእናቴን ሁለት እጆች ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። እናቴ ዕብራይስጡ አልገባትም፤ እጁ ግን ገብቷታል። ይቺ ሴት ሳትፈራ ነካችኝ ነው ያለችው። ነጠላውን ከአፏ አወረደችና አለቀሰች። ሐኪሟ ሌላዋን ቁጥር ልትፈልግ ወደ ኮምፒውተሩ ስትዞር እኔ እናቴን እዚያው ካገኘኋት ጎረቤት ጋር ወደ ቤት ልኬ በሩጫ ወጣሁ።

የሮጥኩት ወደ መምህር ቤት ነው። በሩን ሳላንኳኳ ከፍቼ፣ ሳሎኑ መሀል ቆሜ፣ እልል አልኩ። ምን ልበላችሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የታፈንኩት ሁሉ ወጣ። «ሁለት ነው መምህር! ሁለት ፎቶ ነው! እናቴ ነጻ ናት!»

መምህር ግድግዳው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አልተነሱም። አላቋረጡኝም። እልልታዬን እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ ጭንቅላታቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ፣ እሰይ እሰይ እያሉ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን። በእውነት ይመስገን» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ወጥ ቤቱ በር ነበር።

ትርንጎ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች። «ምንድነው የምሥራቹ? ዝናሽ ዳነች?»

«መጀመሪያም አልታመመችም! የሌላ ሰው ፎቶ ነው!»

«እልልልል!» አለች ትርንጎ። አቅፋኝ ዞረች፣ ደግማ እልል አለች፤ መሀል ላይ ሳሉ ያዛት። ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ረጅም ሳለች። ቀና ስትል እንደገና ሳቀች። «ይሄ የፋብሪካ ብናኝ እልልታም ከለከለኝ። ዛሬ እንኳ መምህር ሥራ አትሄጂም ብለው አስቀሩኝ፤ ምን እንደነካቸው እንጃ። ቆይ ውሃ ልጠጣና እመጣለሁ» ብላ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሳሉን ለዓመት ያህል አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ነው። ወደ መምህር ዞርኩ። የትርንጎን ቁጥር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያካፍሉት የኖሩ። ዓርብ ዕለት የእናቴን መታወቂያ ገና ሲያዩት ያወቁ።

«መምህር» አልኩ።

«ዜሮ ዘጠኝ» አሉኝ። «ቅዳሜን ሙሉ እናትሽ እንድትሆን ስለምን ዋልኩ፣ ጌጤ። ዓርብ መንገዱን አሳየሁሽ፤ ከዚያ በመንገዱ ላይ ምንም እንዳታገኚ ጸለይኩ። አንድ ፎቶ ብቻ ይሁን አልኩ። ይቅር በይኝ።»

ሰው በዚህ ይቆጣ ይሆናል። እኔ አልተቆጣሁም። እኔ እልል ያልኩትስ በማን ላይ ነው? ይቅር ብያለሁ ማለት አቅቶኝ እጃቸውን ሳምኩ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉ። «ንገሪያት። ስንቱን ልጅ ሒሳብ ያስረዳሁ ሰው፣ ይቺን ማስረዳት አልቻልኩም። ትናንት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። ፈራሁ። አንቺ ንገሪያት።»

ትርንጎ ብርጭቆዋን ይዛ ተመለሰች። ሁለታችንን አየችን፤ ፈገግታው ገና ከፊቷ አልወረደም። «ምን ሆናችሁ? የምሥራች ነው ስትሉ አልነበረም እንዴ?»

ነገርኳት። እንዴት እንደነገርኳት ቃሉን አላስታውስም። ፎቶው ያንቺ ነው፣ ሳንባሽ ላይ ነው፣ ክሊኒኩም አሁን እየፈለገሽ ነው አልኳት፤ ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፣ መድኃኒት አለው አልኩ፣ ብዙ አወራሁ። ትርንጎ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ባሏን አየች፤ እሳቸው ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዝናሽ ግን እርግጥ ነጻ ናት? ደግመው አንስተው አዩ?»

«ደግመው አንስተው አዩ።»

«ተመስገን» አለች፤ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መምህር ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና መጥተው እጇን ያዙ። የሁለቱም እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማን ማንን እንደያዘ አልለየሁም።